ዲበገር የማቋረጫ ሲግናልን እንዴት እንደሚይዝ መፈተሽ

በዲበገር (ስህተት ለመፈለግ ሌላን ፕሮግራም በሚቆጣጠር መሣሪያ) ሥር የሚሮጥን ፕሮግራም ኮንትሮልና ሲ ተጭነን ስናስቆመው፣ የማቋረጫው ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ አጭር ማሳወቂያ) ለፕሮግራሙ የደረሰው ይመስለናል። አልደረሰም። ዲበገሩ መሐል ገብቶ ይዞታል፤ ለፕሮግራሙ የሚያሳልፈውም ሲታዘዝ ብቻ ነው። እኔም በአንድ ወቅት ይህን ባለመለየቴ፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን ፈንክሽን ለሰዓታት ስመረምር ቆይቻለሁ። እዚህ የማሳየው በሊኑክስ ላይ ጂዲቢ በተባለው ዲበገር የሚሠራ ፍተሻ ነው።

በቅድሚያ በሲ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ኮንትሮልና ሲ የሚያስልከውን፣ ሲግኢንት የተባለውንና ቁጥሩ 2 የሆነውን ሲግናል የሚቀበል ፈንክሽን ይኑረው፤ ፈንክሽኑም አንድ ቆጣሪ ከመጨመር በቀር ሌላ ሥራ አይሥራ። ሲግናል በሚቀበል ፈንክሽን ውስጥ ፕሪንትኤፍን መጥራት አደገኛ ስለሆነ፣ የቆጣሪውን ዋጋ የሚያትመው ዋናው ዑደት ይሁን፤ በየዙሩም 10 ሰከንድ ይተኛ። ፕሮግራሙን ከዲበግ መረጃው ጋር ኮምፓይል አድርጉትና በጂዲቢ ክፈቱት።

ከማስሮጣችሁ በፊት «ኢንፎ ሲግናልስ» በሚለው ትእዛዝ ሰንጠረዡን ተመልከቱ። በሲግኢንት መስመር ላይ ማቆምና ማሳወቅ «አዎ»፣ ማሳለፍ ደግሞ «አይ» ሆነው ታገኛላችሁ። ፍተሻው በሙሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሦስት ምልክቶች ላይ ነው።

አሁን አስሩጡትና እንቅልፉ በተጀመረ በሁለተኛው ሰከንድ ገደማ ኮንትሮልና ሲን ተጫኑ። ዲበገሩ ሲግናሉ መምጣቱን ያሳውቃል፤ ቁልሉን (ተጠርተው ገና ያልጨረሱትን ፈንክሽኖች ዝርዝር) ብታዩ ፕሮግራሙ የቆመው እናንተ በጻፋችሁት መስመር ላይ ሳይሆን በቤተ መጻሕፍቱ የእንቅልፍ ፈንክሽን ውስጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ኮንቲኒው» ስትሉት ቆጣሪው 0 እንደሆነ ይቀራል። እንደገና አቁሙትና በዚህኛው ጊዜ «ሲግናል ሲግኢንት» በሚለው ትእዛዝ አስቀጥሉት፤ ተቀባዩ ፈንክሽን ስለሚጠራ እንቅልፉ ሳያልቅ ይቋረጣል፣ ቀጣዩ መስመርም ወዲያውኑ ታትሞ ቆጣሪው 1 ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ያለጊዜው መንቃት ነው።

ቀጥሎ «ሃንድል ሲግኢንት ኖስቶፕ ፓስ» (ሳታቆም አሳልፍ) በማለት ደንቡን ቀይሩ። ሲግናሉን ዲበገሩ ራሱ ስለሚጠቀምበት ማረጋገጫ ይጠይቃችኋል። ከዚህ በኋላ ኮንትሮልና ሲ ፕሮግራሙን ስለማያቆመው፣ መቆጣጠሪያ እንዳታጡ አስቀድማችሁ በተቀባዩ ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ ሲደርስበት የሚቆምበት ምልክት) አኑሩ።

ሲግናሉ ከሌላ ተርሚናል በ«ኪል» ትእዛዝ ሲላክስ? ለዚህ ደንቡን ወደ ነበረበት መልሱና ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር፣ ዲበገሩ ስለ ሲግናሉ የያዘውን መረጃ «ሲግኢንፎ» ከተባለው ተለዋዋጭ አትሙ። በ«ኪል» የመጣው ኮዱ 0 ሲሆን የላኪውን የሂደት ቁጥርም ይይዛል፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከተርሚናል ያመነጨው ግን ኮዱ 128 ነው።

በመጨረሻ ሊታለፍ የማይገባው ሁኔታ፣ ፕሮግራሙ ሲግኢንት እንዳይደርሰው አግዶ፣ ሲግናል እስኪመጣ በሚጠብቀው «ሲግዌይት» በተባለ ፈንክሽን የሚጠብቅበት ነው። የታገደ ሲግናል በተለመደው መንገድ ስለማይደርስ፣ በብዙ የጂዲቢ ቅጂዎች ዲበገሩ ሳያየው ያልፋል፤ ኮንትሮልና ሲም ፕሮግራሙን አያቆመውም። ስለዚህ ሁለተኛ የፍተሻ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ጻፉና ውጤቱን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ።