በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሰው የሚያሳስቱ ምህጻረ ቃላት

የሰዋስው ስህተት ያለበት ኢሜይል ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ አንባቢው በልቡ አርሞ ይቀጥላል። ምህጻረ ቃል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ፊደል ናት፣ አንባቢው ደግሞ እናንተ ያላሰባችሁትን ነገር በእርግጠኝነት ተረድቶ ይሄዳል። ቀጠሮ የሚያበላሸው ይሄ ነው።

ከሰዓት ልጀምር፣ ትልቁ ጣጣ እዚህ ስላለ። በአገራችን በእንግሊዝኛ በሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎች ላይ «4:00 ኤ.ኤም. ሎካል ታይም» የሚል ይገኛል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለማለት ነው። ናይሮቢ ወይም ለንደን ያለ ሰው ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚያነበው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተላለፋችሁ ማለት ነው! ለውጭ ሰው ስትጽፉ 10:00 ኤ.ኤም. በሉና ኢ.ኤ.ቲ. ጨምሩበት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን ይነግርላችኋል። 12:00 ኤ.ኤም. እኩለ ሌሊት፣ 12:00 ፒ.ኤም. እኩለ ቀን ነው፤ ይሄ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትንም ስለሚያምታታ «ኑን» ወይም «ሚድናይት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ስኮላርሺፕ የምታመለክቱ ደግሞ ኢ.ኤስ.ቲ. እና ኢ.ዲ.ቲ.ን ለዩ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በብርዱ ወራት የሚጠቀምበት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው በሙቀቱ ወራት። ማመልከቻው በ11:59 ፒ.ኤም. ይዘጋል ከተባለ፣ በኢ.ኤስ.ቲ. ከሆነ በእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59፣ በኢ.ዲ.ቲ. ከሆነ ግን ንጋት 12:59 ላይ ነው። አሜሪካኖች ራሳቸው በሙቀቱም ወራት ኢ.ኤስ.ቲ. ብለው ይጽፋሉ። ከተጠራጠራችሁ የሚቀድመውን ያዙ።

ሲቪ ላይ ዓመተ ምሕረትን በ«ኢ.ሲ.» እና በ«ጂ.ሲ.» መለየት እኛው ጋር የተለመደ ነው፤ ውጭ ያለ ቀጣሪ ግን ፊደሎቹ ምን እንደሆኑ አያውቅም። በሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው 2010 ብሎ ከላከ፣ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል፣ የሥራ ልምዱም በመሃል ባዶ ይሆናል። ጁላይ 2018 ብላችሁ ጻፉ፣ ጂ.ሲ. አያስፈልግም። ቀንም ላይ 05/06/2025 ለአሜሪካዊ ሜይ 6፣ ለእንግሊዛዊ ጁን 5 ነውና ወሩን በስሙ ጻፉት።

አይ.ኢ. እና ኢ.ጂ. ሁለቱም ከላቲን የመጡ ናቸው፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። አይ.ኢ. «ማለትም» ነው፣ ኢ.ጂ. «ለምሳሌ»። «መታወቂያ ይዛችሁ ኑ፣ ኢ.ጂ. ፓስፖርት» ካላችሁ መንጃ ፈቃድ የያዘም ይገባል። አይ.ኢ. ካላችሁት ግን ፓስፖርት የሌለው ሰው ከደጅ ይመለሳል። በኢ.ጂ. የጀመረ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ኤትሴትራ» መጨመርም ትርፍ ነው፣ ምሳሌ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናግራችኋል።

ሌላው ማዕረግ ነው። እኛ አቶ ከበደ የምንለው በራሱ ስም ነው፣ ቀጥሎ ያለው የአባቱ ስም ስለሆነ። በእንግሊዝኛ ግን ሚስተር የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ስለዚህ ጆን ስሚዝ ለተባለ ሰው «ዲር ሚስተር ጆን» ሳይሆን «ሚስተር ስሚዝ» በሉ። ለሴት፣ እሷ ሌላ ካልመረጠች፣ «ሚዝ» ጥሩ ነው። ያገባች ይሁን ያላገባች አይጠይቅም።

«ፕሊዝ አር.ኤስ.ቪ.ፒ.» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምህጻረ ቃሉ ራሱ በፈረንሳይኛ «እባክዎ መልስ ይስጡ» ማለት ስለሆነ «ፕሊዝ» ትርፍ ነው። ኤ.ኤስ.ኤ.ፒ. («በተቻለ ፍጥነት») ግን ያሳስበኛል። ለአለቃ ወይም ለማታውቁት ሰው ሲጻፍ ትእዛዝ ይመስላል፣ ቁርጥ ያለ ቀንም የለውም። እስከ ሐሙስ 3:00 ፒ.ኤም. ድረስ ቢልኩልኝ ብላችሁ ጠይቁ።