በሌሊት ለሚደውል ጎረቤት መልስ መስጠት፦ በቦሌ ዙሪያ የአውሮፕላን ድምፅ አቤቱታ አያያዝ

በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የደወለ ሰው ማወቅ የሚፈልገው የትኛው አውሮፕላን እንደሆነና ለምን እንዲያ እንደጮኸ ነው። «በረራዎቻችን ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟላሉ» የሚል ደብዳቤ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም ቁጣውን ያባብሰዋል። መልስ ለመስጠት በረራውን ማግኘት ይጠይቃል፤ በረራውን ለማግኘት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት።

ብዙው ስህተት የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው። ከቦሌ ሚካኤል አንዲት እናት «ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል» ቢሉ፣ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ነው ወይስ ማክሰኞ መሽቶ? «እማማ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለረቡዕ አጥቢያ?» ብለው ይጠይቁ። ለረቡዕ አጥቢያ ከሆነ በፈረንጅ ሰዓት ረቡዕ 02:30 ነው። የበረራ መዝገብ ግን የሚጻፈው በዩቲሲ፣ አቪዬሽን በዓለም ሁሉ በጋራ በሚጠቀምበት ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ሄዶ ማክሰኞ 23:30 ላይ ይገኛል። ይህን ያልጠየቀ ሠራተኛ የአንድ ሙሉ ቀን ስህተት ይሠራና «በዚያ ሰዓት በረራ አልነበረም» ብሎ ይመልሳል። እናትየው እንደተዋሹ ይቆጥሩታል፤ ሁለተኛም አይደውሉም። ፎርሙ ላይ ለሦስቱም ሰዓቶች ጎን ለጎን ቦታ ይስጡ፤ ስልክ ተቀባዩ የተነገረውን እንዳለ ይጻፍ፣ ልወጣውን ሌላ ሰው ይሥራው።

ቀጥሎ ድምፁ ምን ያህል እንደቆየ ይጠይቁ። የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፅ ከፍ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ከጮኸ የቆመ አውሮፕላን ነው፦ ወይ የጥገና ሞተር ሙከራ፣ ወይ ጭራው ላይ ያለው ትንሹ ሞተር፣ ኤፒዩ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ከበረራ መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ የጥገና ክፍሉን መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። መስኮት ተከፍቶ እንደነበርና በአቅራቢያው የሚታወቅ ምልክት ምን እንዳለም ይመዝግቡ።

በረራውን ለመለየት በ1090 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የኤዲኤስ-ቢ (አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ የሚያሰራጭበት የሬዲዮ ምልክት) መቀበያ ጣሪያ ላይ መትከል አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። የአውሮፕላኑን መስመር፣ ከፍታና ፍጥነት ይሰጣል። ከተባለው ሰዓት በፊትም በኋላም አምስት አምስት ደቂቃ ይፈልጉ፤ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሰዓት እስኪያይ ጊዜ ይሄዳልና። ምልክት የማይልኩ አውሮፕላኖች ስላሉ ምንም ካልተገኘ የመቆጣጠሪያ ታወሩን መዝገብ ሳያዩ «አልነበረም» አይበሉ።

ድምፅ ለመለካት «ክላስ 1» የሚባለውን ከፍተኛ ትክክለኛነት ያለው የድምፅ መለኪያ ይጠቀሙ፤ የስልክ መተግበሪያ ለክርክር አይበቃም። ማይክሮፎኑን 6 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቀው ይስቀሉ። ከልኬቱ በፊትና በኋላ 94 ዴሲቤል ድምፅ በሚያወጣ ማመሳከሪያ መሣሪያ ይፈትሹት፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ካለፈ ያን ልኬት ይጣሉ። የአውሮፕላኑ ከፍተኛ ድምፅ ከአካባቢው ድምፅ ቢያንስ 15 ዴሲቤል ካልበለጠ ልኬቱ አስተማማኝ አይደለም። በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ በሌሊት የውሻ ጩኸትና የድምፅ ማጉያ ውጤቱን ያበላሹታል። ስለዚህ መሣሪያው የድምፅ ቅጂም ይያዝ፤ ሰው ሰምቶ ይለየው።

ውጤቱን ሲናገሩ አማካይ ቁጥር አያስቀድሙ። በዓመት አማካይ የተሠራ ካርታ ለከተማ ፕላን ያገለግላል፤ የተቀሰቀሰን ሰው ግን ያስቆጣል። «በዚያ ሌሊት ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ይህን ያህል አውሮፕላን በቤትዎ ላይ አልፏል፣ ትልቁ ድምፅ ይህን ያህል ነበር» ይበሉ። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ ድምፁን እጥፍ ያህል አድርጎ እንደሚሰማው ያስረዱ። በኤልደን (የቀን፣ የምሽትና የሌሊት ድምፅን በአንድ አማካይ በሚያጠቃልለው) ስሌት ለሌሊት በረራ 10 ዴሲቤል ይጨመራል፤ አንድ የሌሊት በረራ አሥር የቀን በረራ ያህል ይመዝናል ማለት ነው።

ቦሌ የራሱ ችግርም አለው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም በቂ አየር ለማግኘት መሬት ላይ ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል። የተጫነ አውሮፕላን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በጣሪያዎች ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ማረፊያው ላይ ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 52 ሜትር ያህል ከፍታ ይቆጠራል፤ ጫፉን ራሱን የሚያልፈው 15 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ከማረፊያው ጫፍ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ቤት አውሮፕላኑን በ220 ሜትር አካባቢ ያየዋል። ይህን ለነዋሪው በሥዕል ያሳዩት። ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር የመነሻና የማረፊያ ጎን ይለዋወጣል፤ ጸጥ ያለ ሰፈር በድንገት ሲያማርር መጀመሪያ የዚያን ቀን የማኮብኮቢያ አጠቃቀም ይመልከቱ።

ማስተካከያውን ከመሬት ይጀምሩ፤ ፈጥኖ የሚሠራው እሱ ነው። አውሮፕላኑ በቆመበት ቦታ ከመሬት ኤሌክትሪክና ቀዝቃዛ አየር እየሰጡ ኤፒዩን ማጥፋት ይቻላል። ባለ ሙሉ ጉልበት የሞተር ሙከራን ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከልክለው፣ የማይቀር ሲሆን ምክንያቱና ፈቃጁ እንዲጻፍ ያድርጉ። ከትምህርት ቤቶች የፈተና ቀን አስቀድመው ይቀበሉ።

የመነሻ አሠራር መቀየር ግን ሚዛን ይጠይቃል። በአንደኛው አሠራር አብራሪው ከሜዳው 800 ጫማ ከፍ እንዳለ ጉልበት ቀንሶ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ፍጥነት የሚጨምረው 3000 ጫማ ሲደርስ ነው፤ ይህ ለአጥሩ ቅርብ ሰፈር ይረዳል። በሁለተኛው አስቀድሞ ፍጥነት ይጨምራል፤ የሚጠቀመው ራቅ ያለው ሰፈር ነው። ሁለቱንም ሰፈር የሚያስደስት የለም። መስመር ለመቀየር ካሰቡ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ከመጠየቅዎ በፊት ድምፁ የሚዞርበትን ሰፈር ያነጋግሩ፤ ያላነጋገሩት ሰፈር ነው በኋላ በር የሚያንኳኳው።

ቤት ማሻሻል ከተቻለ ከጣሪያ ይጀምሩ። የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ድምፅ በደንብ ያቆማል፤ ድምፁ የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው። ያንን ደፍኖ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስን በከባድ ጣውላ ኮርኒስ ተክቶ፣ ከላዩ የሱፍ ንጣፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ሳይደፈን መስኮት መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ቤቱ ሲደፈን ግን አየር መግቢያ ይታሰብበት፤ በተለይ ከሰል የሚነድበት ቤት ከታፈነ ለሕይወት ያሰጋል።

ስብሰባ ሲጠሩ በወረዳ በኩል ብቻ አይሂዱ። የዕድር ዳኞችንና የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችን ቀርበው ያነጋግሩ፤ የዕድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ መጠየቅ አዳራሽ ከመከራየት ይሻላል። ያለፈው ሦስት ወር አቤቱታ ስንት እንደነበር፣ ስንቱ ምክንያቱ እንደታወቀ፣ ስንቱ እንዳልተፈታ በአንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ። የማይፈጽሙትን አይናገሩ። የደወለን ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልሰው ይደውሉለት፤ ምክንያቱ ገና ካልተገኘም ይኸንኑ ይንገሩት።