የሰሜን ሸዋን የአንቴና ታወሮች ለበረራ ደኅንነት ካርታ ላይ ለማስፈር ለምታስቡ

የመጀመሪያው ካርታዬ ላይ ደብረ ሲና የቆመ ታወር ጫጫ አካባቢ ማሳ ውስጥ ተተክሎ ተገኘ። የታወሩ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት 9 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ምሥራቅ ይላል። እኔ ኤክሴል ላይ 9.51 እና 39.46 ብዬ ሞላሁት። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ መሆኑን ዘንግቼ ማለት ነው፤ ትክክለኛው 9.85 እና 39.77 ነበር። በዚች ነጥብ ሰበብ ታወሩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰደደ። ካርታውን ያየ የጫጫ ልጅ ባይስቅብኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበር።

ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ ብቻ አይደለም። ለበረራ ደኅንነት በሚሠራ ካርታ ላይ የተሳሳተ ነጥብ ከጠፋ ነጥብ ይብሳል። ባዶ ቦታ ያየ አብራሪ ዓይኑን ገልጦ ይሄዳል፤ ታወሩ ማዶ ነው ተብሎ የተነገረው ግን ልቡን ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ ሄዳችሁ እግሩ ሥር ሳትቆሙ ምንም ቁጥር አትመኑ።

መጀመሪያ የትኛው ታወር ነው የሚያሳስበን? ኢካኦ የሚባለው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በመላው ሀገር ከመሬት 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝም ነገር ሁሉ በመረጃ ቋት እንዲገባ ይጠይቃል። የሚፈቀደው ስህተት ወደ ጎን 50 ሜትር፣ ወደ ላይ 30 ሜትር ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀርብ ወደ 5 ሜትርና 3 ሜትር ይጠብባል። አሜሪካኖቹ ዘንድ ደግሞ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ61 ሜትር ገደማ በላይ የሆነውንና ማረፊያ አጠገብ ያለውን የአንቴና ታወር ያስመዘግባል፤ የምዝገባ ቁጥሩም ታወሩ ሥር ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ መዝገቡን ማንም ከኢንተርኔት ማውረድ ይችላል። የሚያስቀና ነገር ነው።

እኛ ዘንድ የምታዩአቸው አብዛኞቹ የኔትወርክ ታወሮች ከ100 ሜትር በጣም ያንሳሉ። «ታዲያ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። መልሱ መሬቱ ነው። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቁሙ። ከኋላችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ደጋ ነው፤ ከፊታችሁ መሬቱ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ አርማንያና ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬት አውልቃችሁ ማንጎ ትበላላችሁ። አፋፉ ላይ የተተከለ 50 ሜትር ታወር ደጋው ላይ ላለ ሰው 50 ሜትር ነው፤ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ታክኮ ለሚወጣ ሄሊኮፕተር ግን የተራራው ጫፍ ላይ የተጨመረ ብረት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምሥራቁን ሲወር መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ምን ያህል ዝቅ ብለው እንደሚበሩ ያየ ይገባዋል። ትልቁ አውሮፕላን ወደ ላሊበላና መቀሌ ሲሄድ ከላያችን በሩቁ ያልፋል፤ የእኛን ታወር የሚፈራው ዝቅ ብሎ የሚሠራው ነው።

እሺ፣ ዝርዝሩን ከየት ታመጣላችሁ? በሕግ በኩል ሁለት በር አለ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመ ነው፤ የቴሌኮም ኦፕሬተሮችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የበረራው ጉዳይ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የየራሳቸው የሳይት፣ ማለትም ታወር የተከሉባቸው ቦታዎች ዝርዝር ይኖራቸዋል፤ የሬድዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫዎችን፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር ምሰሶዎችንም አትርሱ። የስልካችሁን ሲግናል እየሰበሰቡ «ታወሩ እዚህ ነው» የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። እነሱ ግምት ናቸው፤ ለመነሻ ይጠቅማሉ እንጂ ካርታ ላይ አይገቡም።

ሳትወጡ በፊት ደብዳቤ ያዙ። ከወረዳ ወይም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ያለበት። ታወር መሠረተ ልማት ነው፤ ጊዜውም ጊዜ ነው፤ ካሜራና መለኪያ ይዞ አጥሩን የሚዞር ሰው ማንም ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል። ቀበሌ ጎራ ብላችሁ አስታውቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ፣ በቃ።

ከዚያ ጥበቃውን አነጋግሩ። አንድ ጠዋት ጣርማበር አካባቢ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ አገኘሁ። «እንደምን አደሩ አባባ፣ ቁመቱን ልለካ ነው» አልኳቸው። ደብዳቤውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ቁመቱንማ ጉሙ ይንገርህ» ብለው ሳቁ። ቀና ስል እውነትም ታወሩ ከወገቡ በላይ የለም። መኪኖቹ በቀን መብራት አብርተው ይሳባሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። በዚያ መሀል የነገሩኝ ነገር ከልኬቱ በላይ ጠቀመኝ፦ ጫፉ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ከጥምቀት ወዲህ አልበራችም። እንዲህ ያለውን ምንም ሳተላይት አያሳያችሁም።

አሁን ልኬቱ። ቦታውን በስልክ ጂፒኤስ መያዝ ይቻላል፤ ሰማዩ ክፍት ከሆነ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ብረቱ ሥር ተጠግታችሁ ወዲያው አትመዝግቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ አማካዩን ውሰዱ። የጂፒኤሱ ቅንብር ደብሊው ጂ ኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚሠራበት የዓለም መለኪያ) ይሁን። የድሮዎቹ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ሌላ ዳተም (ነጥቦች የሚቆጠሩበት መነሻ) የተሠሩ ስለሆኑ ከነሱ ላይ የተነበበ ነጥብ ሳይቀየር ከገባ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ገደል አፋፍ ላይ 200 ሜትር ማለት ታወሩን ገደል መክተት ነው።

ቁመቱን ለመለካት ታወሩ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ አትውጡም። የሜትር ገመድ፣ ከእሱም ጋር ማዕዘን የሚለካ የስልክ አፕ ይበቃል። ከታወሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ፣ ከዚያ ወደ ጫፉ ያለውን ማዕዘን አንብቡ። ሜዳ ከሆነ ርቀቱን በማዕዘኑ ታንጀንት አባዝታችሁ የዓይናችሁን ቁመት መጨመር ነው። የእኛ ሀገር ግን የት ሜዳ አለ? ስለዚህ ወደ ጫፉም ወደ እግሩም ለኩ። ለምሳሌ 60 ሜትር አግድም ርቄ ጫፉ 38 ዲግሪ ወደ ላይ፣ እግሩ 5 ዲግሪ ወደ ታች ከሆነ፣ የላይኛው 46.9 ይሰጣል፣ የታችኛው 5.2፤ ሲደመር 52 ሜትር። እጃችሁ በአንድ ዲግሪ ከተንቀጠቀጠ ወደ 1.7 ሜትር ትስታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን በኅዳር ጠዋት ደግሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም። ሦስት ጊዜ ለኩ፣ ከሌላ አቅጣጫም ድገሙ።

ጫፍ ስል ብረቱ የሚያበቃበትን አይደለም። ከላይ የተሰካችውን የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ጨምሩ። ክንፍ የሚመታው እሷን ነው።

ማረጋገጫ የሚሆን ደስ የሚል ዘዴ ልንገራችሁ። በኢካኦ ምክር ቀይና ነጭ የሚቀባ ታወር እያንዳንዱ ቀለበት የቁመቱ አንድ ሰባተኛ ይሆናል፤ ትልቁ ገደብ 30 ሜትር ነው። ስለዚህ እንደ ደንቡ የተቀባ ታወር 7 ቀለበት አለው፣ ከላይም ከታችም ጫፉ ቀይ ነው። የታችኛውን ቀለበት በሜትር ለኩና በ7 አባዙ። 7.4 ካገኛችሁ 51.8፤ ከማዕዘኑ ጋር ገጠመ ማለት ነው። ካልገጠመ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል ወይ ቀቢው። ቀለሙ የለቀቀ ከሆነ እሱም ይመዝገብ።

መብራቱን ደግሞ ማታ ተመለሱና እዩ። ከ45 ሜትር በታች ላለው አነስተኛ ኃይል ያለው፣ የማይቆራረጥ ቀይ መብራት ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም መካከለኛ ኃይል ይፈለጋል፤ ከዚህ ውስጥ ቀይ ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይነት በደቂቃ ከ20 እስከ 60 ጊዜ ይበራል። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። በሽቦ ተወጥሮ የቆመ ታወር ካገኛችሁ ሽቦዎቹ መሬት የነኩበትን ነጥብ ሁሉ ለብቻው ያዙ፤ ከአየር ላይ ሽቦ አይታይም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ የተተከሉትን በተመለከተ የሚያስፈልገው የፎቁና የምሰሶው ድምር ነው።

ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ራስ ምታት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። አብራሪ ከመሬት በላይ ያለውን ቁመት ብቻ ይዞ ምንም አያደርግም፤ ከፍታ መለኪያው የሚነግረው ከባሕር ወለል ነው። ታወሩ የቆመበት መሬት 3,120 ሜትር ከሆነና ታወሩ 52 ከሆነ ጫፉ 3,172 ሜትር ነው፤ በበረራ ቋንቋ 10,407 ጫማ። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ ከጎንዮሹ ይልቅ በጣም ይስታል። አንዳንዱ አፕ ደግሞ የሚያሳየው የባሕር ወለሉን ሳይሆን ለስሌት የተፈጠረውን ሞላላ መሬት መነሻ አድርጎ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ እዩና ጻፉ። ለማነጻጸር በ2000 እ.ኤ.አ. ከናሳ መንኮራኩር የተለካውን የዓለም ከፍታ መረጃ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ችግሩ አንዱ ካሬ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሆኑ ነው። ሜዳማው እነዋሪ ላይ ቆንጆ ይሠራል። ጣርማበር ላይ ግን ያው ካሬ ግማሹ አፋፍ፣ ግማሹ ገደል ይሆንና አማካዩን ይሰጣችኋል፤ መሬቱ በብዙ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ታወሩም አብሮ። በአደገኛው አቅጣጫ መሳሳት ይሉታል ይህን። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጥሩ መሣሪያ ያለው ቀያሽ ለምኑ።

ኮምፒውተር ላይ የቀረው ቀላል ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው። የኤክሴሉን ፋይል ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ዓይነት አስቀምጡ፤ የፊደል አቀማመጡ የአማርኛን ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካላረጋገጣችሁ «መሐል ሜዳ» ብላችሁ የጻፋችሁት የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይመጣል። ስታስገቡ ኤክስ ኬንትሮስ (የምሥራቁ ቁጥር)፣ ዋይ ኬክሮስ (የሰሜኑ ቁጥር) መሆኑን አትሳቱ። ከተገላበጠ የደብረ ሲናው ታወር ሰርዲኒያ ደሴት ዳር ባሕር ውስጥ ይገባል። ጣሊያን መጥቶ ጣርማበር ላይ ዋሻ ቆፈረ፤ እኛ ደግሞ ሄደን ባሕሩ ላይ ታወር ተከልንለት። ነጥቦቹን በቁመት በቀለም ለዩ፦ ከ45 በታች፣ ከ45 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ። መብራቱ የጠፋውን ግን ቁመቱ ምንም ይሁን በቀይ። ከሳተላይቱ ፎቶ ጋር ስታነጻጽሩ ታወሩን አትፈልጉ፣ ጥላውን ፈልጉ፤ ከላይ ሲታይ ታወር ነጥብ ነው፣ ጥላው ግን መሬት ላይ ረጅም መስመር ሆኖ ይተኛል።

እያንዳንዱ መስመር ላይ ማን እንደለካው፣ በምን እንደለካውና መቼ እንደለካው ይኑር። ቀኑን በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ጻፉ፤ የ7 ዓመት ልዩነት ያለው መዝገብ አይቼ አውቃለሁ።

ሙሉውን ፋይል ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ለባለሥልጣኖቹና ለኦፕሬተሮቹ ስጡ፣ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀን ያዙ፣ ጠፍቶ ያገኛችሁትን መብራት ለብቻው በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ረጅም ሰንጠረዥ ማንም አያነብም። የጣርማበሯን መብራት እኔ እንደዚያ ነው ያመለከትኩት። ታወር ሲነቀል ደግሞ መስመሩን አትሰርዙ። «ተነሥቷል» በሉና ቀኑን ጻፉ፤ የድሮውን ካርታ የያዘ ሰው ነገ ደውሎ የት ሄደ ይላችኋልና።