ቢጫዋ መብራት ብልጭ ስትል፦ በበረዶ መንዳት ለምትጀምሩ

«ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ምልክት ብልጭ ብልጭ አለች፤ መኪናዬ ተበላሸች ወይ?» በረዶ በጣለ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። አልተበላሸችም። ብልጭ ካለች መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም እየሠራ ነው፤ መንገዱ አንሸራታች ስለሆነ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። በርታ ከቀረች ግን ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ አጥፍታችሁታል። መንጃ ፈቃድ ለመቀየር ስንመላለስ ስለ ወረቀትና ማህተም ያልተጠየቅነው የለም። ይህችን መብራት ግን ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

የሲስተሙ ስም ኢኤስሲ ነው። ቶዮታ ቪኤስሲ፣ ሆንዳ ቪኤስኤ ይሉታል፤ ሥራው ያው ነው። መሪውን ወዴት እንዳዞራችሁና መኪናዋ በእርግጥ ወዴት እየዞረች እንደሆነ ያመሳክራል። ካልገጠሙ አንድ ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ይህን በእግር መሥራት አይቻልም፤ ያለን አንድ የፍሬን ፔዳል ነው። የእናንተ ድርሻ እግራችሁን ከነዳጅ በቀስታ ማንሳትና መሪውን መሄድ ወደምትፈልጉበት ማቅናት ነው። ዓይናችሁም እዚያው ይሁን።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር። በመጀመሪያው ክረምቴ መኪናዬ ከቆመችበት በረዶ አልወጣ አለች። ጎማው ሲሽከረከር ሲስተሙ ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ማጥፋቱ ይረዳል። አንድ ሰው «የኢኤስሲውን ኦፍ የሚለውን ቁልፍ ተጫን» አለኝ፤ ተጫንኩ፤ ወጣሁ። ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ነበር ያወረድኳት፣ ስለዚህ ሲስተሙም እንደጠፋ ቀረ። መብራቷን አይቻታለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ስመለስ ድልድይ ላይ ደረስኩ። ድልድይ ከሥሩም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የሚታይ በረዶ አልነበረም፣ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። የኋላዋ ወደ ጎን ሄደ፣ ደንግጬ ነዳጁን በአንዴ ለቀቅኩ፣ መሪውን አወዛወዝኩ። መኪናዋ ዞራ በተቃራኒው መስመር ወደ መጣሁበት ፊቷን አዙራ ቆመች። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። በመስታወቱ የታየኝ የልጄ ባዶ ወንበር ነው።

ኦፍን ከተጫናችሁ፣ ከበረዶው እንደወጣችሁ፣ መንገድ ሳትገቡ መልሳችሁ ተጫኑት። መብራቷ መጥፋቷን በዓይናችሁ እዩ። ብዙ መኪና ሞተር ጠፍቶ ሲነሳ ራሱ ይመልሰዋል፤ እኔ ግን መች አጠፋሁት?

ያገለገለ መኪና የምትገዙ፣ አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ኢኤስሲ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ላይኖረው ይችላል። ቁልፍ ስታዞሩ መብራቷ በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች ሻጩ ምንም ቢላችሁ መካኒክ ሳያይ አትክፈሉ።

«ፎር ዊል ነው፣ አያሳስበኝም» የሚለው ወሬ ያናድደኛል። አራቱ ጎማ መነሳት ላይ እንጂ መቆም ላይ አይረዳም። ኢኤስሲም ቢሆን የሌለ መያዣ አይፈጥርም፤ መሬቱን የሚነካው ጎማው ብቻ ነው። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የበጋ ጎማ እየደረቀ ይሄዳል። ስልክ መቀየሩን አቆዩትና መጀመሪያ የክረምት ጎማ ግዙ፤ አራቱንም፣ ሁለት ብቻ አይደለም።

በረዶ ሲጥል ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉና በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ስትረግጡ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም፣ ከእግራችሁ ሥር ይርገበገባል፣ ይንኮሻኮሻል። አትልቀቁት። ያ ስሜት መጀመሪያ እዚያ ይልመዳችሁ።