«ጨጓራዬ ነው» ብሎ ቤት መቅረት፦ በወረርሽኝ ጊዜ ትርፍ አንጀት ሲታመም የሚሠሩ ስህተቶች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የሆስፒታል ደጃፍ መርገጥ ራሱ ያስፈራ ነበር። የቆየ ክትትል ያለው ሰው እንኳ ቀጠሮውን ይዘል ነበር። በዚያው ሰሞን በጣሊያን፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ቀዶ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። በትርፍ አንጀት ሕመም የሚመጣው ሰው ቀነሰ። ከመጡት ውስጥ ግን ፈንድቶባቸው የሚደርሱት ድርሻ ጨመረ።

በየቤቱ ምን ይባል እንደነበር እናስታውስ።

«ሆስፒታል ብሄድ እዚያው ያስይዘኛል»

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ግን ኮቪድ ሊይዝም ላይይዝም ይችላል፤ የተቆጣው ትርፍ አንጀት አሁኑኑ ሆድ ውስጥ ነው። ሕመሙ ከጀመረ አንድ ቀን ተኩል ካለፈው የመፈንዳት ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ሲፈነዳ መግሉ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። በጊዜ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቤቱ ይገባል። የዘገየው ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊተኛ ይችላል። ሆስፒታልን ሸሽቶ ሆስፒታል ውስጥ መክረም ማለት ይኸው ነው። ማስክ አድርጎ፣ አንድ አስታማሚ ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል።

«ጨጓራዬ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ እውነት ይመስላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እምብርት አካባቢ ወይም ከፍ ብሎ ነው። ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ትንሽ ትኩሳት ይኖራል። ሲያስሉ ወይም ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ሆድዎን የሚያስይዝዎ ከሆነ ጨጓራ ነው ብለው አይለፉት። ትንንሽ ልጆች የት እንዳመማቸው አያሳዩም። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሕመሙ ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል። በሽማግሌዎች ደግሞ ምልክቱ ድብዝዝ ይላል። «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ሲዋጥ ቀናት የሚባክኑበትም ቤት ጥቂት አይደለም።

«ሆድ ይፍጀው»

ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ወጌሻ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት። ሁሉም ሰዓት ይበላሉ። ማሸትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ደግሞ ራሳቸው ሊጎዱ ይችላሉ። ማስታገሻ መውሰዱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ሐኪም ቤትም ይሰጣሉ። ስህተቱ ማስታገሻ ውጦ ቤት መቅረቱ ነው። ከፍተኛ ሕመም ቆይቶ በድንገት ቀለል ካለም እፎይ አይበሉ። ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ ለጥቂት ሰዓት እንዲያ ያደርጋል።

«አሁን እኮ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል»

ግማሽ እውነት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገሮች ሐኪሞች በአንቲባዮቲክ ብቻ ማከምን አዘወተሩ። በአሜሪካ 1,552 አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት በፈረንጆች ጥቅምት 2020 ወጥቶ ነበር። አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 10 ሰዎች ውስጥ ወደ 3 የሚሆኑት በ90 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸው አልቀረም። ትርፍ አንጀታቸው ውስጥ ጠጠር ካለባቸው ደግሞ ወደ 4 የሚጠጉት። ይህም በምርመራ ተረጋግጦ፣ በሐኪም ክትትል ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ አሞክሳሲሊን መዋጥ ሌላ ታሪክ ነው።

«ታማሚው ቀነሰ፣ እሰይ»

ይሄ የዜና አንባቢ ስህተት ነው። ትርፍ አንጀት እንደ ጉንፋን ከሰው አይያዝም። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው በደረቀ ዓይነ ምድር ወይም ባበጠ ዕጢ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ቤት መቀመጥ ብቻውን ባንዴ ይህን ያህል ይቀንሰዋል ማለት ይከብዳል።

«መቶኛው ጨመረ፣ ስለዚህ የፈነዳበት ሰው በዛ» ማለትም ችኮላ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በደህናው ጊዜ 100 ሰው መጥቶ 25ቱ ፈንድቶባቸው ነበር እንበል። በወረርሽኙ 70 ብቻ መጡ፤ የፈነዳባቸው አሁንም 25 ናቸው። ድርሻው ወደ 36 በመቶ አሻቀበ፤ አንድም ሰው ግን አልጨመረም። ያልመጡት 30ዎቹስ የት ገቡ? ቀላሉ ዓይነት በራሱ የሚድንበት ጊዜ አለ የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ለተመራማሪ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ሆዱን ይዞ ለተኛ ሰው ግን አይጠቅመውም። የእሱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያለ ምርመራ አይታወቅም።

«ባዶ ሆድህን አትሂድ»

ይሄኛው የእናቶች ነው፣ ከፍቅር የመጣ። ልጁ ሊሄድ ሲነሣ አጥሚት ይቀርባል፣ «ጉልበት እንዲሆንህ» ይባላል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ግን ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ ከሚጠይቀው አንዱ መቼ እንደበሉ ነው። ከምግብ በኋላ ወደ 6 ሰዓት መቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። አጥሚቱ ለመልስ ይቀመጥ። በመኪና የሚወስድዎ ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።