ትንሿን የጫካ ኦፖሰም በክር እንዴት መከታተል ይቻላል?

በብራዚል የአትላንቲክ ደን ውስጥ ማርሞሶፕስ ኢንካነስ የምትባል ትንሽ ኦፖሰም ትኖራለች። ወገኗ ከእነ ካንጋሮ ነው፤ ማርሱፒያል ከሚባሉት፣ ልጆቻቸውን ገና ሳይጠነክሩ ወልደው ጡታቸው ላይ ከሚያሳድጉት አጥቢዎች። ዓይኗ ትልልቅ ነው፤ ጅራቷ ከቀሪው ሰውነቷ ይረዝማል። የምትንቀሳቀሰው ማታ ነው። መሬት ላይም ትሄዳለች፣ ቁጥቋጦና ዛፍም ትወጣለች። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የት ስትል እንደምታድር እንዴት እናውቃለን?

ጥያቄው የመኖሪያ ክልሏን ይመለከታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊሊያም በርት በ1943 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ የመኖሪያ ክልል ማለት እንስሳው ምግብ ሲፈልግ፣ ሲጣመርና ልጆቹን ሲያሳድግ የሚመላለስበት ቦታ ነው። ከሌሎች የሚከላከለው ግዛት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አናምታታ።

ወጥመድ የሚነግረን እንስሳዋ የተያዘችበትን ነጥብ ብቻ ነው። የሬዲዮ ማሰራጫም ነጥብ በነጥብ ነው የሚሰጠን። በነጥቦቹ መካከል ምን እንደተደረገ የሚያሳየው እንስሳዋ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ስትሄድ እየተፈታ የሚቀር ክር ነው። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመርጠውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ

በብራዚል የዱር እንስሳ ለጥናት ለመያዝ የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሆነው የቺኮ ሜንዴስ ኢንስቲትዩት ሲስቢዮ በሚባለው ሥርዓት የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል። የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴም ዕቅዱን ማየት አለበት። ብቻዎን የሚሞክሩት ሥራ አይደለም፤ ልምድ ካለው ቡድን ጋር ይግቡ።

ወጥመድ መዘርጋት

እንስሳዋን ሳይጎዳ የሚይዝ የሳጥን ወጥመድ ይጠቀሙ። ግማሹን መሬት ላይ፣ ግማሹን ቅርንጫፍና ሐረግ ላይ ያስሩ። መሬት ላይ ብቻ ካስቀመጡ፣ መሬት ላይ ብቻ የምትኖር ይመስልዎታል። ለማባበያ ሙዝና የለውዝ ቅቤ ይበቃል። አመሻሽ ላይ ይክፈቱ፣ ጎህ ሲቀድ ይመልከቱ። ፀሐይ እስክትከር ሳጥን ውስጥ የቆየ ትንሽ እንስሳ ሊሞት ይችላል።

ክሩን መለጠፍ

ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። የሚያስፈልገው መሃሉ ላይ ማጠንጠኛ የሌለው፣ ከውስጥ በኩል የሚፈታ ቀጭን የናይሎን ክር ጥቅል ነው። እንዲህ ያለው ጥቅል አይሽከረከርም፣ እንስሳዋንም ወደ ኋላ አይጎትታትም። ጥቅሉን በስስ ፕላስቲክ ይሸፍኑትና የክሩን ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ ያውጡት።

ከዚያ ይመዝኑ። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ አለማለፍ ጥሩ ልክ ነው። 60 ግራም የምትመዝን ሴት ላይ ከ3 ግራም በላይ አይጫንም ማለት ነው። ከባድ ከሆነ ክሩን ቀንሰው ጥቅሉን ያቅልሉት።

ጓንት ያድርጉ፤ ትነክሳለች። ሆዷን ገልበጥ አድርገው ይዩ። ይህች ኦፖሰም ሙሉ ኪስ የላትም፤ ልጆቿ ጡት ነክሰው በግልጽ ይንጠለጠላሉ። ልጆች ካሉባት ምንም ሳይለጥፉ ወዲያው ይልቀቋት። ከሌሉባት ጥቅሉን በትከሻዎቿ መካከል፣ ጸጉሩ ላይ ብቻ፣ በትንሽ ማጣበቂያ ይለጥፉ። ቆዳ እንዳይነካ።

መልቀቅና መከተል

የክሩን ጫፍ ከአንድ ግንድ ጋር ያስሩና በተያዘችበት ቦታ ይልቀቋት። ከዚያ ዞር ይበሉ። ሰው ከተከተላት የምትሄደው ሽሽት ነው።

በማግስቱ ኮምፓስ፣ ሜትርና ደብተር ይዘው ይመለሱ። ክሩ አቅጣጫ በቀየረበት ሁሉ ቆም ብለው ሦስት ነገር ይጻፉ፦ አቅጣጫውን በዲግሪ፣ ካለፈው ነጥብ ያለውን ርቀት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ። ክሩ በወደቀ ግንድ ስር ያልፋል፣ በሐረግ ይወጣል፣ ቅርንጫፍ ይሻገራል፣ አንዳንዴም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጉድጓዱ ማደሪያዋ ሊሆን ስለሚችል ምልክት አድርገው ይለፉ፤ አይቆፍሩት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች ለብቻ ይመዝግቡ፤ ድንጋጤ እንጂ የተለመደ ጉዞዋ አይደሉም። ሲጨርሱ ክሩን ሁሉ ሰብስበው ይውጡ። ናይሎን አይበሰብስም፣ ሌላ እንስሳም ያጠላልፋል።

ካርታና ስሌት

ነጥቦቹን በካሬ ወረቀት ወይም በኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ። ዳር ዳር ያሉትን፣ ዙሪያው ወደ ውስጥ ሳይጎብጥ፣ በቀጥታ መስመር ያገናኙ። በውስጡ ያለው ስፋት የዚያች ሌሊት ክልል ነው።

ስፋቱ ብቻውን ግን ያሳስታል። ለምሳሌ ሁለት ኦፖሰሞች እያንዳንዳቸው 120 ሜትር ክር ፈቱ እንበል። የአንዷ ክልል 900 ካሬ ሜትር፣ የሌላዋ 1600 ሆነ። የክሩን ርዝመት ለስፋቱ ስኩዌር ሩት ያካፍሉ። የመጀመሪያዋ 120 ሲካፈል ለ30፣ 4 ይሆናል። የሁለተኛዋ 120 ሲካፈል ለ40፣ 3 ነው። ሁለቱም እኩል ተጉዘዋል፤ የመጀመሪያዋ ግን አንድ አካባቢ ላይ እየተመላለሰች አስሳለች። ምናልባት እዚያ ፍሬ ወይም ነፍሳት በዝቶ ይሆናል። ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ነው።

የአንድ ሌሊት ክልል የመኖሪያ ክልል አይደለም። ያችኑ እንስሳ ጆሮዋ ላይ በሚደረግ የቁጥር ምልክት እየለዩ በተለያዩ ሌሊቶች ይድገሙ። አዲስ ነጥብ ሲጨመር ስፋቱ ማደጉን እስኪያቆም ድረስ ቁጥሩን ዝቅተኛ ግምት ብለው ይያዙት።

ወንድና ሴትን አይደባልቁ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ሴት ፍለጋ ይዞራል፤ የሴቷን እንቅስቃሴ በይበልጥ የሚወስነው ምግብና ልጆቿ ናቸው። በዚህ ዝርያ ደግሞ ጎልማሳ ወንዶች ከመራቢያው ወቅት በኋላ ይሞታሉ። የወንዶቹን ክር ከዚያ በፊት ካልፈቱ የሚቀጥለው ትውልድ እስኪያድግ መጠበቅ ነው።