ገና ያልመጣን እንስሳ በሐሳብ መሥራት፦ ከጓሳ ሜዳ የሚጀምር መመሪያ

በመጪው ዘመን ወይም በሌላ ዓለም ሊኖር የሚችል እንስሳ በሐሳቡ መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመልክ ይጀምራል፤ ስድስት እግር፣ ሦስት ዓይንና የሚያበራ ጅራት ከደረደረ በኋላ መኖሪያ ይፈልግለታል። በዚህ መንገድ ተረት ሊገኝ ይችላል፤ በዝግመተ ለውጥ ሕግ የሚያሳምን ፍጡር ግን አይገኝም። ሥራው መጀመር ያለበት ከመሬቱና ከአየሩ ነው፤ ቀጥሎ ምግቡ፣ ከዚያም እንስሳው ያንን ምግብ ለማግኘት የሚከፍለው ዋጋ ይመጣል፤ መልክ ከሁሉም በኋላ ራሱ ይወጣል። ለማሳያ የምንወስደው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን ሜዳ ነው። ሜዳው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ትልልቅ እንስሳቱ ጥቂት የሆኑና ማን ምን እንደሚበላ በዓይን የሚታይበት በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል።

በመጀመሪያ ቦታውንና ዘመኑን ይወስኑ፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። የአየሩን ጠባይ፣ አዳኞቹንና የመሬቱን ቅርፅ በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው ምክንያት የትኛውን ውጤት እንዳመጣ መከታተል አይችልም። እኛ የምንለውጠው ይህን ነው፦ ሰው ከአካባቢው ጠፍቷል፤ የመንዝ በግ ግን ያለ እረኛ ሜዳው ላይ ቀርቷል። ዘመኑም ከዛሬ 3 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ይሁን። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአራት እግራቸው የብስ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የባሕር እንስሳ ለመሆን የወሰደባቸው ጊዜም ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በ3 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ እንግዲህ እጅ ቅርፁን ሊለውጥ፣ አካል ሊገዝፍ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ አዲስ እግር ግን አይበቅልም።

ቀጥሎ አሁን ካሉት እንስሳት አንዱን ቅድመ አያት አድርገው ይምረጡና ያለውን ሁሉ በዝርዝር ይጻፉ። ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም፤ ዝግመተ ለውጥ የሚሠራው በእጁ ባለው ነገር ብቻ ነውና፣ በአሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ እየኖረ ቅጥያ እንደሚሠራ ሰው የቀድሞውን ግድግዳ ማፍረስ አይችልም። የቀጭኔ ማንቁርት ነርቭ ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ደረት ከወረደ በኋላ ያንን ሁሉ አንገት ተመልሶ የሚወጣው አጭር አንገት ከነበራቸው ቅድመ አያቶች የተወረሰ መንገድ በመሆኑ ነው። እኛ ጭላዳን እንውሰድ። ጭላዳ በዋነኛነት ሣር የሚበላ ዝንጀሮ ነው፤ አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ጫፍ ለጫፍ ስለሚገናኙ ሣሩን እየመረጠ ይነጫል። የሚነጨው ተቀምጦ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ነው፤ በሌሎች ዝንጀሮዎች ከኋላ የሚታየው ቀይ ምልክት በእርሱ ደረቱ ላይ መሆኑም ብዙውን ቀን ተቀምጦ ከመዋሉ ጋር ይያያዛል። ሣሩ ሲደርቅ ሥር ቆፍሮ ይበላል፤ ሲመሽ ነብርና ጅብ ከማይደርሱበት ገደል ወርዶ ያድራል። ክንፍ ያለው ጭላዳ ለሚመኝ ሰው አዝናለሁ፤ ክንፍ የሚሠራው ከክንድ ነው፤ ክንዱን ከወሰድንበት በምን ሊነጭ ነው?

አሁን ምግቡን ይከተሉ። በጉ ያመነዥካል፤ አራት ክፍል ያለው ሆዱ ሻካራውንና ደረቁን ሣር ሳይቀር ያብላላዋል። ጭላዳ እንዲህ ያለ ሆድ ስለሌለው እረኛ የሌለው በግ በበዛበት ሜዳ በሣር ግጦሽ ብቻ ሊያሸንፍ አይችልም። በጉ የሌለው ደግሞ እጅ ነው። ፉክክሩ ሲጠነክር ጭላዳውን ወደፊት የሚገፋው ይህ ልዩነት ነው፦ በደረቁ ወራት ብቻ ይቆፍረው የነበረውን ሥር ዓመቱን ሙሉ ወደ መቆፈር ያዘነብላል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ መታለፍ የለበትም፤ ለውጡ በእያንዳንዱ ትውልድ ለባለቤቱ ይጠቅመዋል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ብቻ ይቀጥሉ። ጥፍሯ ከጓደኞቿ በጥቂቱ የወፈረ እናት በጥር ደረቅ አፈር ውስጥ አንድ ጣት ያህል ጠልቃ ትቆፍራለች፤ ያገኘችው ተጨማሪ ሥር ወተት ይሆንላታል፤ ግልገሏም የደረቁን ወራት የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል። ጥፍሩ እየወፈረ፣ ክንዱ እየፈረጠመ፣ መንጋጋ ጥርሱም ከሥሩ ጋር የሚገባውን አፈር ለመቋቋም እየረዘመ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ዋጋውን ያስሉ። የወፈረ ጥፍርና የደነደነ ጣት ለጋውን የሣር ቅጠል ለይቶ መንጨት ይሳነዋል፤ ስለዚህ አዲሱ እንስሳ ዝናብ ባለበት ወቅት ከአሁኑ ጭላዳ ያነሰ ይጠቀማል። አካሉስ ይገዝፋል? ከጠፉት የጭላዳ ዘመዶች መካከል ከእርሱ እጅግ የሚተልቁ ስለነበሩ ነገሩ በራሱ የማይሆን አይደለም። ሆኖም የእንስሳ ቁመት በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ ክብደቱን የሚሸከመው የአጥንቱ አግድም ቁርጥ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ገደል ላይ የሚያድር እንስሳም ይህን ክብደት በጣቶቹ መሸከም አለበት። ነብሩ እስካለ ድረስ ገደሉን መተው አይቻልም፤ በእኔ ግምት እንግዲህ እንስሳው የሚወፍረው በትከሻው እንጂ በቁመቱ አይደለም። ቀዩ የደረት ምልክትም ችግር ይገጥመዋል፤ አጎንብሶ ሲቆፍር የሚውል እንስሳ ደረቱን ማን ያይለታል? ጭላዳ ቀድሞውንም በድምፅ የበለጸገ ስለሆነ ምልክቱ እየደበዘዘ ድምፁ ቦታውን እንዲተካ ማድረግ አዲስ አካል ከመፍጠር ይቀላል፤ ያሳምናልም።

ጎረቤቶቹን አይርሱ። በጓሳ በተካሄደ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሚሳካለት ታይቷል፤ ጭላዳዎቹም ግልገላቸውን እስካልነካ ድረስ አያባርሩትም። ጭላዳው ቆፋሪ ሲሆን የአይጥ ጉድጓድ ይበልጥ ስለሚፈርስ ይህ ጉርብትና ሊጠብቅ ይችላል። ብዙዎች በዚህ ቦታ ቀበሮውን አግዝፈው በግ እንዲበላ ያደርጉታል፤ እኔ ግን አልስማማም። ቀጭን አፉና ተራርቀው የተተከሉ ትናንሽ የጎን ጥርሶቹ ለአይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ምግቡ ከበዛለትም የሚለወጥበት ምክንያት የለውም። በጉን ለነብር ይተዉለት። በጉ ራሱ የሚሸልተው ስለሌለ ጠጉሩን በየዓመቱ የሚያረግፍ ይሆናል፤ የሰባ ላቱም ሲሮጥ ስለሚከብደው ያጥራል። ስለ በጉ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። የአዳኞቹን ብዛት ሲወስኑ ግን ከአንድ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ሜዳውን በአዳኝ የሞላ ሰው የሚበሉትን መቁጠር ረስቷል ማለት ነው።

ወደ ሌላ ዓለም ሲሻገሩ ዘዴው አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመነሻው ዝርዝር ነው። ከስበት፣ ከከባቢ አየር፣ ከሙቀትና ፈሳሽ ሆኖ ከሚገኘው ነገር ይጀምሩ። ስበቱ ከምድር አንድ ተኩል እጥፍ በሆነ ዓለም 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭላዳ የ30 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ እግሩ አጭርና ወፍራም መሆን አለበት፤ ከገደል መውደቅም ከዚህ ይልቅ ገዳይ ስለሚሆን በገደል ማደር ራሱ ላይጀመር ይችላል። የሳተርን ጨረቃ የሆነችውን ታይታንን የመረጠ ሰው ተቃራኒውን ያገኛል፤ ስበቷ ከምድር አንድ ሰባተኛ ገደማ፣ አየሯም ከእኛ አየር በአራት እጥፍ ያህል የታመቀ በመሆኑ ለመብረር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ነገር ግን ሙቀቷ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ሐይቆቿን የሞላውም በዋነኛነት ፈሳሽ ሚቴን ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ የኬሚካል ለውጥ እጅግ ስለሚዘገይ ፈጣን በራሪ ሳይሆን ምናልባት በዝግታ የሚንሳፈፍ ነገር ማሰብ ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢ የተባለች ፕላኔት ደግሞ ኮከቧን በ11 ቀን ገደማ የምትዞር ሲሆን አንድ ፊቷን ብቻ ለኮከቧ ሰጥታ ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ባለ ዓለም ሌሊት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ቦታ ይሆናል። በጓሳ ጅብራ የተባለው ተክል ሌሊት ከውርጭ ለመከላከል ቅጠሉን እንደሚሰበስበው ያለ ልማድ እዚያ ትርጉም የለውም፤ ቀንና ሌሊትን ተከትሎ የሚሠራውን ሁሉ ከዝርዝርዎ ይሰርዙ።

ሥዕሉን ከአጥንት ይጀምሩ፤ ጡንቻው በአጥንቱ ላይ፣ ቆዳና ጠጉር ከሁሉም በላይ ይምጣ። ቀለሙን ከመቀባትዎ በፊት ከሥሩ እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚያጠቃው በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ሳይጻፍ የቀረ ካለ ሥዕሉን አቁመው ወደ ዝርዝሩ ይመለሱ። ከጎኑም በልኩ የመንዝ በግ ይሣሉ፤ የሚያየው ሰው መጠኑን ያለ ቁጥር ይረዳዋል።